ራምፑስ ተሠራ፤ የሚቀበለው ሰውስ?

አዲስ አበባ ባለፉት ጥቂት ዓመታት የባህልና የዕውቀት ቤቶችን በላይ በላዩ መርቃለች። በመስከረም 2012 የታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ተከፈተ። በታኅሣሥ 2014 አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተመረቀ። በመስከረም 2015 የሳይንስ ሙዚየም፣ በየካቲት 2016 ደግሞ ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተከተለ። ሙዚየም ሲባል ብሔራዊ ሙዚየምንና ስድስት ኪሎን፣ ቤተ መጻሕፍት ሲባል ወመዘክርን ያስብ ለነበረ የከተማ ሰው ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። ሕንፃዎቹ አዲስ በመሆናቸው ሊፍትና ሰፊ በር ማየትም ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ስለ ተደራሽነት ሲነሳ ኃላፊዎች ቀድመው የሚጠቅሱትም ይህንኑ ነው፤ ራምፕ አለን፣ ሊፍት አለን።

እንግዲህ አንዲት ዓይነ ስውር ተማሪ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ሙዚየም መጣች እንበል። ራምፑ ለእሷ ምንም አይደለም፤ ደረጃ መውጣት አያቅታትም። በር ላይ ጥበቃው ነጭ በትሯን እንደ ተጠርጣሪ ዕቃ ያገላብጣል። ጥያቄ ሲኖረው የሚጠይቀው እሷን ሳይሆን ክንዷን የያዘችውን ጓደኛዋን ነው። ውስጥ ከገባች በኋላ አስጎብኚው በቃሉ የያዘውን ያወርዳል፤ በየሦስተኛው ዓረፍተ ነገር «እዚህ ጋ እንደምትመለከቱት» ይላል። ዕቃው ሁሉ መስታወት ውስጥ ነው፤ መስታወቱ ላይ «አይነካም» ተለጥፏል። ሰዓቱ ሲያልቅ ይዛ የምትወጣው የነገሥታት ስምና ዘመን ነው፤ እሱን ደግሞ ከመማሪያ መጽሐፏ ታውቀዋለች። ማንም አልበደላትም። ጥበቃው ክፉ አይደለም፣ አስጎብኚውም ሰነፍ አይደለም። እንዲህ ያለ እንግዳ ሲመጣ ምን ይደረጋል ብሎ ያስተማራቸው ግን የለም።

በሕግ በኩል የጎደለው ብዙ ሰው ከሚያስበው ያነሰ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ጸድቋል፤ አንቀጽ 30 ሙዚየምንና ቤተ መጻሕፍትን በስም ጠርቶ፣ አካል ጉዳተኞች ከማንኛውም ሰው እኩል ሊገለገሉባቸው እንደሚገባ ይደነግጋል። የሕንፃ አዋጁም፣ ቁጥር 624/2001፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለዊልቸር ተጠቃሚና ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። ይህኛውን ትእዛዝ ግን ልብ ብሎ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ የሚናገረው ስለ እግር ነው። መሐንዲስ በሲሚንቶ የሚፈታውን ችግር ያያል፤ ማየት ለተሳነው፣ መስማት ለተሳነው፣ በአእምሮ ዕድገት ውስንነት ምክንያት ጫጫታና ግርግር ለሚያስጨንቀው ልጅ የሚለው የለም። የሕንፃ ሕግ ስለሆነ አይፈረድበትም። ችግሩ ተቋማት ተደራሽነትን የተማሩት ከዚሁ አዋጅ መሆኑ ነው። ስለዚህ የግንባታው ርክክብ ሲጠናቀቅ ጉዳዩም የተጠናቀቀ ይመስላቸዋል።

«ለስንት ሰው ብለን?» የሚል ጥያቄም አለ፤ ጮክ ብሎ ባይነገርም በጀት ሲመደብ ይሰማል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ከመቶ 16 ያህሉ ሰው ከበድ ያለ የአካል ጉዳት እንዳለበት ይገምታል። የ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ግን በኢትዮጵያ ያገኘው ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ ነው። ይህን ያህል ልዩነት በጤናችን የሚብራራ አይደለም፤ በጠያቂው አጠያየቅና በቤተሰብ መሸሸግ እንጂ። ቤት ውስጥ ያልተቆጠረ ሰው ሙዚየም በር ላይ ባይታይ አያስገርምም፤ ባለመታየቱ ደግሞ «አይመጡም እኮ» ይባላል።

ሌላው ዓለም እዚህ ላይ የደረሰበት ልምድ ከሕንፃ ይልቅ ወደ ሰው ያዘነብላል። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ዓይነ ስውራን ቅርጻ ቅርጾችን በእጃቸው እየዳሰሱ የሚጎበኙበትን ፕሮግራም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ በዚያ ሀገር ስለ አካል ጉዳተኞች የወጣው ትልቁ ሕግ ከመጽደቁ 18 ዓመት ቀድሞ። የማድሪዱ ፕራዶ በ2015 ስድስት ታዋቂ ሥዕሎችን በሚዳሰስ ቅጂ አሠርቶ ለጎብኚ እጅ አቀረበ። ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሆነው ግን በጣሊያኗ የወደብ ከተማ አንኮና የሚገኘው ኦሜሮ ሙዚየም ነው። ሁለቱም ዓይነ ስውር የሆኑ ባልና ሚስት፣ አልዶ ግራሲኒና ዳኒዬላ ቦቴጎኒ፣ በየሄዱበት ሀገር «አትንኩ» መባል ሲሰለቻቸው ሁሉም ነገር የሚነካበት ሙዚየም ይኑር ብለው ሐሳብ አቀረቡ፤ ከተማው ተቀብሎ በ1993 ከፈተው፣ በ1999 የመንግሥት ሙዚየም ሆነ። ሐሳቡን ያመጡት ችግሩን የሚኖሩት ሰዎች መሆናቸው ሙዚየሙን ለየት አድርጎታል። ባለሙያ በቅን ልብ ለዓይነ ስውር ብሎ ያዘጋጀው ነገር ብዙ ጊዜ ለዓይነ ስውር አይሆንም። በቀለም ብቻ የታተመ፣ ጣት የማያገኘው «ብሬይል» መግለጫ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍባቸው ቦታዎች በዓለም ዙሪያ እስከ ዛሬ አሉ።

ይህ ሁሉ የሀብታም ሀገር ነገር ይመስላል። አይደለም፤ እንዲያውም በአንዳንድ ነገር እኛ ቀለል ይለናል።

ድንቅነሽን እንውሰድ። በኅዳር 1967 አፋር ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አፅም በብሔራዊ ሙዚየም ሀገር የሚያያት በቅጂዋ ነው፤ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ክፍል ተቆልፎበት ይቀመጣል። ዓይናማውም ሰው የሚያየው ቅጂ ከሆነ፣ ሁለተኛ ቅጂ ሠርቶ ለእጅ ማቅረብን የሚከለክል የጥበቃ ምክንያት የለም። ፋይሉም አለ። አፅሟ አሜሪካ በነበረበት ጊዜ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በሲቲ ስካን ተነሥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የትከሻዋና የጉልበቷ አጥንቶች ባለ ሦስት ገጽታ ፋይል በኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃድ ለሕዝብ ተለቀቀ። ስሪዲ ፕሪንተር ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ አትሞ ሊያወጣቸው ይችላል።

ከእነዚህ ውስጥ ጉልበቷ ለጣት የተሠራ ትምህርት ነው። የጭን አጥንቷ የታችኛው ጫፍ ጉልበቱ ላይ ሲያርፍ ቀጥ ብሎ አይደለም፤ ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። የሰውም እንዲሁ ነው፤ የቺምፓንዚ ግን ቀጥ ያለ ነው። ይህ ዘንበል ማለት ነው ቆማ ትሄድ ነበር ለማለት ካበቁት ማስረጃዎች አንዱ። በመስታወት ውስጥ፣ ከላይ በወረደ መብራት፣ ከሜትር ርቀት የሚያይ ሰው ልዩነቱን ልብ አይለውም። የድንቅነሽንና የቺምፓንዚን ጉልበት ቅጂዎች በሁለት እጁ የያዘ ሰው፣ ዓይነ ስውር ሆነ አልሆነ፣ በአንድ ጊዜ ይገባዋል። ለዓይነ ስውራን ተብሎ የሚዘጋጅ ዕቃ ዓይናማውን ተማሪም የሚያስተምር መሆኑ በየሀገሩ የታየ ነው። ቅጂውን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ግን ብቻውን በቂ አይደለም። ተማሪዋን «እጅሽን ላምጣው ወይ?» ብሎ አስፈቅዶ፣ «ይህ ከላይ የዳሌው ወገን ነው፤ ወደ ታች ውረጂ፤ እዚህ ጋ ማዘንበል ጀመረ» እያለ የሚመራ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ በልምምድ የሚያዝ ሙያ ነው።

የባህል ዕቃዎቻችን ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ቀላል ነው። አንድ የአውሮፓ ሙዚየም የመካከለኛውን ዘመን የቤት ዕቃ ለማስዳሰስ ቅጂውን የሚሠራ ባለ እጅ ፈልጎ ብዙ ገንዘብ ይከፍላል። እዚህ ግን በመስታወት ውስጥ ካለው ገበታ፣ ክራር፣ መሲንቆ፣ ጀበና፣ አገልግል ብዙው ዛሬም ይሠራል፤ መርካቶና ሽሮ ሜዳ ይሸጣል። አንድ የገጠር አንድ የከተማ ጀበና፣ አንድ የሐረር ስፌት፣ ጅማቱ የተወጠረ አንድ ክራር ገዝቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ለየትኛውም ሙዚየም በጀት አይከብድም። ከተሰበረ ይተካል። እስከ ዛሬ ያልተደረገው ውድ ስለሆነ አይመስለኝም፤ ማንም የሥራ ድርሻዬ ነው ብሎ ስላልያዘው ነው።

የማይዳሰሰውን ነገር ለመግለጽ ደግሞ ሌላ ሙያ አለ፤ በቃል መሣል ልንለው እንችላለን። በባህላዊው አሣሣል የተሠራ የዓድዋ ሥዕል ፊት የቆመ አስጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የሚተርከው ታሪኩን ነው፤ ማን ዘመተ፣ ማን ወደቀ። ታሪኩን ተማሪዋ ታውቀዋለች። የማታውቀው ሸራው ላይ ያለውን ነው። የሠለጠነ ሰው ከጠቅላላው ይጀምራል፤ ሸራው በቁሙ ሳይሆን በወርዱ ረጅም ነው፣ ሁለት ሠራዊት ፊት ለፊት ገጥሟል፣ በስተግራ የእኛ፣ በስተቀኝ የጣሊያን። ቀጥሎ ላይኛው መሃል ላይ በነጭ ፈረስ የተቀመጠ ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ ይላል። ከዚያ ዝርዝሩ፤ ምኒልክ በጥላ ሥር፣ ጣይቱ በፈረስ ላይ። በመጨረሻም በዚህ አሣሣል ትልቁን ምስጢር ይነግራታል፤ የእኛ ሰዎች ፊታቸው ሙሉ ሆኖ ሁለት ዓይናቸው ይታያል፣ ጠላት ግን በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ አለው። ይህን የምትሰማ ልጅ ሥዕሉን ከቤተሰቧ ዓይናማ ሰዎች አብልጣ ልታውቀው ትችላለች፤ ብዙ ሰው በሥዕሉ ፊት ዕድሜ ልኩን እያለፈ ይህን አላስተዋለምና።

መስማት ለተሳናቸው ጎብኚዎች ሥራው በከፊል ተሠርቶ የቆየ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ከጀመረ ከዐሥር ዓመት በላይ አልፎታል። ሙዚየሞች ከእነዚህ ምሩቃን ጥቂቶቹን በቋሚነት ቢቀጥሩ፣ ወይም ከመስማት የተሳናቸው ወጣቶች መካከል አስጎብኚ ቢያሠለጥኑ (እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ)፣ አስተርጓሚ ፍለጋ በየጊዜው መደወል ይቀራል። የቀረው ጥቃቅን ነው፤ ፊትን ወደ ብርሃን አዙሮ መቆም፣ ጀርባን ለመስኮት አለመስጠት፣ ዕቃ እያሳዩ አለማውራት፤ ሰውየው እጅና ዕቃን በአንድ ጊዜ ማየት አይችልምና።

ወደ ቤተ መጻሕፍት ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ምክንያቱም እዚህ ዕውቀቱ ራሱ ነው የተቆለፈው። ለነገሩ የሀገራችን የቀለም ትምህርት ለዓይነ ስውር ባዳ አልነበረም። በአብነት ትምህርት ቤት ዳዊቱንም ዜማውንም ቅኔውንም በቃላቸው ይዘው ወንበር የዘረጉ ዓይነ ስውራን መምህራን የታወቁ ናቸው። መምህሩ የሚያስተምረው በአፉ፣ ደቀ መዝሙሩ የሚማረው በጆሮው ስለነበር ዓይን ማጣት ከጉባኤው አያስወጣም ነበር። ትምህርት ወደ ታተመ መጽሐፍ ሲዞር ነው ዓይነ ስውሩ ሰው አንባቢ ለማኝ የሆነው። በዩኒቨርሲቲ የተማረ ዓይነ ስውር ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ፈተና ሲደርስ የሚያነብለት በጎ ፈቃደኛ ፍለጋ፣ የሰው ሰዓት መጠበቅ፣ በካሴት የተቀዳ ሌክቸር ደጋግሞ መስማት።

ብሬይል መልስ ነው፤ ሙሉ መልስ ግን አይደለም። በአማርኛ ብሬይል ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ስለሚጻፉ በሕትመት አንድ ቦታ የሚይዝ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቦታ ይይዛል፤ ወረቀቱም ወፍራም ነው። መካከለኛ ልብ ወለድ በርካታ ጥራዝ ይሆናል። ስለዚህ የዛሬው ተስፋ ኮምፒዩተርና ስልክ ላይ ተጭኖ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነበው ስክሪን ሪደር ነው። ኤንቪዲኤ የሚባለው በነፃ ይገኛል፤ አማርኛ የሚያነቡ ድምፆችም አሉ፤ አነባበባቸው ገና ብዙ ይቀረዋል እንጂ።

ነገር ግን ሶፍትዌሩ የሚያነበው ጽሑፍ ከሆነ ብቻ ነው። የእኛ ቤተ መጻሕፍት «ዲጂታል አድርገናል» የሚሉት አብዛኛው ነገር የገጽ ፎቶግራፍ ነው፤ ፒዲኤፍ ይባላል፣ ውስጡ ግን ምስል ነው፤ ስክሪን ሪደር ሲደርስበት ባዶ ገጽ ሆኖ ያገኘዋል። ሁለተኛው ችግር በጣም የእኛ ነው። የግእዝ ፊደል፣ የየቋንቋውን ፊደል በአንድ ወጥ ኮድ የሚመዘግበው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ጽሕፈት ቤቶችና ማተሚያ ቤቶች ሲጽፉ የኖሩት በፓወር ግእዝ፣ በቪዥዋል ግእዝና በመሳሰሉት ፎንቶች ነበር። እነዚህ ፎንቶች አማርኛውን ስክሪን ላይ አሳምረው ያሳያሉ፤ ከሥር ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ዓይናማው ሰው «ሕገ መንግሥት» ብሎ ያነባል፤ ስክሪን ሪደሩ የእንግሊዝኛ ፊደላትን ያለ ትርጉም እየዘረዘረ ይለፈልፋል። ማንም አንባቢ የማያየውን ይህን ችግር አንድ የሠለጠነ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በአንድ መለወጫ ፕሮግራምና በአንድ የእርማት ንባብ ይፈታዋል። ከስካን ላይ ፊደል ለይተው የሚያወጡ ፕሮግራሞችም አማርኛን ይሞክራሉ፤ «በ»ን «ቡ»፣ «ለ»ን «ሰ» እያደረጉ ስለሚስቱ ግን ከበስተኋላቸው የሚያርም ሰው ይፈልጋሉ።

የቅጂ መብትስ? የማራካሽ ስምምነት የመጣው ለዚህ ነው። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የተፈረመው ይህ ውል የታወቁ ተቋማት ማየት ለተሳናቸውና የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች የመጽሐፍን ተደራሽ ቅጂ ያለ ደራሲው ፈቃድ እንዲያዘጋጁ፣ ድንበር አሻግረውም እንዲለዋወጡ ይፈቅዳል። ኢትዮጵያ በ2020 አጽድቃዋለች። አሜሪካና እስራኤልም አባል ናቸው፤ አዲስ አበባ ላይ አንድ ጊዜ በትክክል የተዘጋጀ የአማርኛ መጽሐፍ ዋሽንግተን ወይም ነታንያ ለሚኖር ዓይነ ስውር አንባቢ በሕግ ሊላክ ይችላል ማለት ነው። አሳታሚዎች ለወመዘክር የመጽሐፍ ቅጂ የማስገባት ግዴታ አለባቸው። ከታተመው ጋር በዩኒኮድ የተጻፈውን ሶፍት ኮፒም እንዲያስገቡ ቢደረግ የስካንና የእርማቱ ድካም ከምንጩ ይደርቅ ነበር። አሳታሚው ፋይሌ ይሰረቃል ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም፤ አደራውን የሚጠብቅ ሥርዓትና በዚያ ላይ የሠለጠነ ሰው ሲያይ ግን ይሰጣል።

እንግዲህ ሥልጠናው። የለመድነውን እናውቃለን፤ ሆቴል አዳራሽ፣ ባነር፣ የሁለት ቀን ስላይድ፣ ሻይ እረፍት፣ አበል፣ የምስክር ወረቀትና የቡድን ፎቶ። የሚጠሩት የመምሪያ ኃላፊዎች ናቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቦታ ይዛወራሉ። እንግዳን የሚቀበለው ግን በር ላይ ያለው ጥበቃ፣ ትኬት ቆራጯ፣ አስጎብኚው፣ መጽሐፍ የሚያውስ ሠራተኛ ነው። ጥበቃዎች ብዙ ጊዜ በኤጀንሲ የሚቀጠሩ ስለሆኑ የተቋሙ ሠራተኛ ተብለው ለሥልጠና እንኳ አይታሰቡም። እኔ ብጠየቅ የምጀምረው ከእነሱ ነው፤ ነጭ በትር ለባለቤቱ ዓይን መሆኑን፣ ዊልቸር ያለ ፈቃድ እንደማይገፋ፣ ጥያቄ ለአጃቢ ሳይሆን ለባለጉዳዩ እንደሚቀርብ ለማስተማር ግማሽ ቀን ይበቃል። ቦታውም በሩ ራሱ ነው፤ አስተማሪውም በዚያ በር መግባት የቸገረው ሰው። ማየት የተሳናቸውና መስማት የተሳናቸው ሰዎች ብሔራዊ ማኅበራት በየዓመቱ ለመክፈቻ ንግግርና ለፎቶ ይጋበዛሉ፤ የሚያስፈልገው በአሠልጣኝነት ተዋውሎ፣ እንደ ማንኛውም አማካሪ ተገቢውን ክፍያ መክፈል ነው። በነፃ የሚጠየቅ ዕውቀት ዋጋው እንደማይታወቅ ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

አስጎብኚውንና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያውን ለማሠልጠን ግን ግማሽ ቀን አይበቃም። በቃል መሣልን፣ እጅ መምራትን፣ ፋይል ማስተካከልን ሰው የሚለምደው እየሠራ፣ እየታረመ ነው። በዩኒቨርሲቲ የቅርስ አስተዳደርና የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተማሪዎች ሳይመረቁ በፊት ይህን ቢማሩ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ሥልጠና ማደሻ ብቻ ይሆናል።

አሮጌ ሕንፃዎች ራሳቸውን የቻሉ ጥያቄ ናቸው። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለው በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ፎቅ ላይ ነው፤ ሕንፃው ራሱም ቅርስ ነው። ቅርስ አፍርሶ ሊፍት አይተከልም። በሌሎች ሀገራት እንዲህ ያለ ቤት ያለባቸው ሙዚየሞች ፎቅ ላይ ያለውን በቪዲዮ፣ በትልልቅ ፎቶግራፍና በተመረጡ ቅጂዎች ምድር ቤት ያቀርባሉ፤ አንድ አስጎብኚም ከእንግዳው ጋር ታች ይቀራል። እንግዳውን «እርስዎ እዚህ ይጠብቁን» ብሎ ወንበር ማቀበልና አብሮ ተቀምጦ ፎቁን ማስጎብኘት በዋጋ ብዙም አይለያዩም።

ውጤቱስ በምን ይለካ? የሙዚየሞቻችን መዝገብ ዛሬ የሚለየው ኢትዮጵያዊና የውጭ ዜጋ፣ ተማሪና አዋቂ ነው፤ የትኬቱ ዋጋ የሚለያየው በዚያ ነውና። ከመጡት ስንቱ በነጭ በትር፣ ስንቱ በዊልቸር፣ ስንቱ በምልክት ቋንቋ ተግባብተው እንደጎበኙ፣ ስንቱስ ተመልሰው እንደመጡ የሚያሳይ አምድ የለውም። በመዝገቡ ላይ እነዚህን አምዶች ለመጨመር አዲስ አዋጅም አዲስ ሕንፃም አያስፈልግም፤ ትኬት ቆራጯ ከሠለጠነች ከነገ ወዲያ ልትጀምረው ትችላለች።